ኦዴሳ ፕሩይትና የአሥራ አራተኛው ክፍል መጨረሻ

የቪዲዮ ዴኩ ካሴቱን ሲውጥ መጀመሪያ ቀጭ ይላል፤ ከዚያ እንቅልፉን እንደ ነሡት ሽማግሌ ትንሽ አጉረምርሞ ጸጥ ይላል። በቶሌዶ ከተማ፣ በኦዴሳ ፕሩይት ቤት፣ የቅዳሜ ጠዋት የሚጀምረው በዚህ ድምፅ ነበር። በሌላው ቀን ገና ጎህ ሳይቀድ ተነሥታ፣ ተማሪዎች ሳይደርሱ የትምህርት ቤቱን ኮሪደር ጠርጋና ወልውላ መጨረስ ነበረባት። ቅዳሜ ግን የራሷ ነበረች። የበቆሎ ገንፎዋን በቅቤ አርሳ፣ ሳህኑን ጭኗ ላይ አሳርፋ፣ ሪሞቱን እንደ በትረ መንግሥት ይዛ ትቀመጥና፣ ልክ ሁለት ሰዓት ሲሆን «አንጥረኛው» ይጀምራል።

አንጥረኛው የካርቱን ጀግና ነው። መዳፉ እንደ ፍም የጋለ፣ በቡጢው ግንብ የሚንድ፣ ከተማዋን ከክፉዎች የሚጠብቅ። ኦዴሳ እያንዳንዱን ክፍል ትቀዳ ነበር። ማስታወቂያ ሲመጣ ቀረጻውን ታቆማለች፣ ሲያልቅ ትለቃለች፤ እጇ ከመልመዱ የተነሣ ዓይኗ ገንፎው ላይ ሆኖ እንኳ አትስትም።

«ለማን ነው የምትቀጂው?» አለቻት አንድ ጊዜ ጎረቤቷ፤ ኦዴሳና ባሏ ልጅ አልነበራቸውምና።

«ለራሴ።»

«ለራስሽ? ካርቱን?»

«ታዲያ ቴሌቪዥኑን የገዛሁት ለጎረቤት ነው?»

ባሏ ሉሽየስ የመስታወት ፋብሪካ ሠራተኛ ነበር። በጓዳው በር ብቅ ይልና፣ ጀግናው የሱቅ መስኮት ሲያደቅ ካየ «በርታ ወንድሜ» ይላል። «አንተ ባትሰብር እኛ ምን ሠርተን እንበላ ነበር?»

አሥራ አራተኛው ክፍል የታየው በጸደይ ወራት ነው። በዚያ ክፍል አንጥረኛው ከጠላቱ ጋር ሲታገል የአንዲት አትክልት ሻጭ መስኮት ተሰባበረ። ጠላት ተሸነፈ፣ ሕዝቡ አጨበጨበ፣ ሙዚቃው ከፍ አለ። ኦዴሳ አለቀ ብላ ልትነሣ ስትል፣ ያው ጀግና ጭንብሉን አውልቆ፣ ተራ ካፖርት ለብሶ፣ ወደዚያች ሱቅ ተመለሰ። መጥረጊያ ታየ። ስብርባሪው ተጠረገ።

ኦዴሳ ሳህኗን እንደያዘች ብድግ አለች። «ሉሽየስ! ና ቶሎ፤ ሲጠርግ እይ።»

«ማን?»

«ጀግናው ነዋ!»

ሉሽየስ ጢሙን በከፊል ተላጭቶ፣ በአገጩ ላይ አረፋ እንዳለ ሲደርስ አልቆ ነበር። እሷም ካሴቱን አውጥታ በጀርባው ላይ በደማቅ ቀለም «አንጥ. 13-14» ብላ ጻፈችና ቁም ሣጥን ውስጥ አኖረችው።

አሥራ አምስት ዓመት አለፈ። ኦዴሳ ጡረታ ወጣች፤ ሉሽየስም ወጣ። «አንጥረኛው» በዲቪዲ ታትሞ ሲወጣ የሰፈሩ ቤተ መጻሕፍት ሙሉውን ገዛ። በዚያ ቤት አንድ ጥሩ ልማድ ነበር። የቤተ መጻሕፍቱ ኃላፊ ቬራ ሎማክስ በየፊልሙ መያዣ ውስጥ ካርድ ታስቀምጣለች፤ አይቶ የመለሰ ሰው አስተያየቱን ይጽፍበታል፣ ቀጥሎ የሚዋሰው ያነበዋል። በአንጥረኛው ካርድ ላይ አንዱ «ሥዕሉ ዛሬም አላረጀም» ብሏል። ሌላው «ልጄ ሦስት ጊዜ አየው፣ እኔ አራት፣ እንዳትነግሩት» ብሏል። ሦስተኛው «ሙዚቃው ጆሮ ይበጥሳል፣ የቀረው ግሩም ነው» ብሏል።

ኦዴሳ ተውሳ ሄዳ አሥራ አራተኛውን ክፍል ከፈተች። ጠላት ተሸነፈ፣ ሕዝቡ አጨበጨበ፣ ሙዚቃው ከፍ አለ፤ አለቀ። አንቀላፍቼ ይሆናል ብላ ደገመችው። ለሦስተኛ ጊዜ ያየችው ቆማ ነው። ከዚያ ካርዱን አውጥታ እንዲህ ስትል ጻፈች፦

«የአሥራ አራተኛው ክፍል መጨረሻ ተቆርጧል። ጀግናው ተመልሶ ይጠርጋል። ያንን ቆርጦ የጣለ ሰው በዕድሜው መጥረጊያ ጨብጦ አያውቅም። ኦ. ፕሩይት።»

በሳምንቱ ከጽሑፏ ሥር በእስክርቢቶ በጥቃቅን ፊደል ተጨመረበት፦ «እንዲህ ያለ ትዕይንት የለም። ጸሐፊዋ ከሌላ ፊልም ጋር አምታተውታል። ክ. ሜበሪ።»

ክሊፍተን ሜበሪ የቤተ መጻሕፍቱ የካርቱን ወዳጆች ማኅበር ሰብሳቢ ነው። ዕድሜው ወደ ሠላሳ የተጠጋ፣ ሸሚዙን እስከ አንገቱ የሚቆልፍ፣ ስለ «አንጥረኛው» እያንዳንዱ ክፍል በክላሰር የመዘገበ ሰው። ሌላው ሁሉ የእሱን መዝገብ ይጠይቃል እንጂ የሚከራከረው አልነበረም።

ኦዴሳም ከሥሩ ጻፈች፦ «ሠላሳ አንድ ዓመት የጠረግሁ ሰው ነኝ። መጥረጊያ ካየሁ አይጠፋኝም።»

ከዚያ ቬራ ስልክ ደወለች። «ወይዘሮ ኦዴሳ፣ እንዲያው ከክፋት አይቁጠሩብኝና፣ ክሊፍተን ካርዱ ይነሣ እያለኝ ነው። እውነት ያልሆነ ነገር ሰው ያሳስታል ይላል። ደንቡም እንደዚያ ነው።»

«ውሸታም ነሽ እያልሽኝ ነው?»

«ኧረ በፍጹም። ግን ምናልባት ‹ይመስለኛል› የሚል ቃል ቢጨምሩበት…»

«አይመስለኝም» አለች ኦዴሳ። «አይቻለሁ።»

«እንግዲያው ቅዳሜ ማኅበሩ ይሰበሰባል። ማስረጃ ካለዎት ይዘው ይምጡ። ከሌለ ግን ካርዱን ማንሣቴ ነው።»

ኦዴሳ ቁም ሣጥኑን ስትገለብጥ ሉሽየስ በሩን ተደግፎ አያት።

«ያ ካሴት ነው የምትፈልጊው?»

«የቦውሊንግ ውድድር ቀድተህበት እንደሆነ አሁኑኑ ተናገር።»

«አልቀዳሁም… አልቀዳሁም መሰለኝ።» አንገቱን አከከ። «ተይው እንጂ፣ ሴትዮ። ካርቱን ነው እኮ።»

ኦዴሳ ተንበርክካ እንዳለች ቀና አለች። «ሠላሳ አንድ ዓመት አንድ ሰው እንኳ ቆሞ ስጠርግ አላየኝም። እግራቸውን አንሥተው ይሻገሩኝ ነበር። ያን ቀን ቴሌቪዥን ላይ አንድ ጉልበተኛ የሰበረውን ሊያጸዳ ተመለሰ። አሁን አልተመለሰም ይሉኛል። እንግዲህ እኔ ዝም ልበል?»

ሉሽየስ ጎንበስ ብሎ ከታችኛው መደርደሪያ የጫማ ሣጥን ሳበላት። ካሴቱ እዚያ ነበር።

ቅዳሜ ረፋድ ላይ ዐሥር የሚያህሉ ሰዎች በቤተ መጻሕፍቱ ትንሽ ክፍል ተቀምጠዋል። ቬራ ከምድር ቤት አሮጌ ዴክ አስወጥታ አቧራውን በመሐረቧ ጠረገችለት። ክሊፍተን ክላሰሩን ጉልበቱ ላይ አድርጓል።

«ወይዘሮ ፕሩይት» አለ በትሕትና፤ «እኔ ሁሉንም ክፍሎች ቀድቼ ይዣለሁ። አሥራ አራተኛውን ከሃያ ጊዜ በላይ አይቼዋለሁ።»

«መቼ ነው የቀዳኸው፣ የኔ ልጅ?»

«ተማሪ ሳለሁ። ከትምህርት ቤት ስመለስ፣ በየቀኑ ዐሥር ሰዓት ላይ።»

«እሱ ድጋሚው ነው። መጀመሪያ የወጣው ቅዳሜ ጠዋት ነበር። በድጋሚው ጊዜ ለማስታወቂያ ቦታ ለማግኘት ከየክፍሉ ይቆርጡ ነበር። ዲቪዲውንም ከዚያው ከተቆረጠው ነው የገለበጡት።»

«ግምት ነው» አለ ክሊፍተን።

«ቬራ፣ ካሴቱን አስገቢው።»

ምስሉ ተንቀጠቀጠ፤ ነጭ መስመር ከላይ ወደ ታች ወረደበት። ጠላት ተሸነፈ፣ ሕዝቡ አጨበጨበ፣ ሙዚቃው ከፍ አለ። ከዚያ ካፖርት የለበሰ ሰው በተሰበረው መስኮት አጠገብ ታየ። ክፍሉ ውስጥ አንድ ወንበር ተንቋቋ።

ግን የሚጠርገው እሱ አልነበረም። መጥረጊያውን የያዘችው አትክልት ሻጯ ናት። ጀግናው በጉልበቱ ተንበርክኮ የጥርጊ ማፈሻውን ይዞላት ነበር፤ እሷ ስብርባሪውን እየገፋች ታስገባለታለች። ዐሥራ አንድ ሰከንድ ያህል ቆየ፤ ከዚያ ምስሉ ተቋረጠ፤ ኦዴሳ ያኔ ማስታወቂያ መጣ ብላ ያቆመችበት ቦታ ነው።

 ክሊፍተን ጉሮሮውን ጠረገ።

«አይጠርግም» አለ። «ካርዱ ላይ ‹ይጠርጋል› ነው ያሉት።»

ኦዴሳ ጆሮዋ እስኪግል ድረስ ቴሌቪዥኑን አየች። በዐሥራ አምስት ዓመት ውስጥ መጥረጊያውን ከሴትየዋ እጅ ወስዳ ለሰውዬው የሰጠችው ራሷ ነበረች።

«ተሳስቻለሁ» አለች። ከቦርሳዋ እስክርቢቶ አውጥታ፣ ካርዱን ከቬራ ተቀብላ፣ «ይጠርጋል» የሚለውን በአንድ መስመር ሰርዛ በላዩ «ተንበርክኮ ማፈሻ ይይዛል» ብላ ጻፈች። «ይሄ ደግሞ ከመጥረግ ይከብዳል። ቆሞ መጥረግ ለማንም ነው። ለሌላ ሰው ማፈሻ ለመያዝ ግን ዝቅ ማለት አለብህ። እኔ በሠላሳ አንድ ዓመት ማፈሻ የያዘልኝ አንድ ሰው አላውቅም።»

«እሺ፣ ሦስተኛው ዐረፍተ ነገርስ?» አለች ቬራ ቀስ ብላ። «‹መጥረጊያ ጨብጦ አያውቅም› የሚለው። ትንሽ ቢለሰልስ?»

«እሱ ስሕተት የለበትም።»

ከኋላ አንዲት ሴት ሳቋን በእጇ ሸፈነች። ቬራ ካርዱን አንድ ጊዜ አነበበችው፣ መያዣው ውስጥ መልሳ ከተተችው፣ ከዚያም ክዳኑን ዘጋችው።

«ይቆያል» አለች።

ክሊፍተን ክላሰሩን ከፍቶ አሥራ አራተኛውን ገጽ አወጣ።  ከሸሚዝ ኪሱ እርሳስ መዝዞ ከሥር «መጨረሻው ተቆርጧል» የሚል መስመር ጻፈ። ኦዴሳ አንገቷን ሰገግ አድርጋ አየች።

«በእርሳስ ነው?»

«ለጊዜው። ማጣራት አለብኝ።»

«ከእኔ ቃል በታች ግን በእስክርቢቶ ነው የጻፍከው።»

 ኦዴሳ እስክርቢቶዋን ጠረጴዛው ላይ ወደ እሱ ገፋችው። ክሊፍተን አነሣው። የእርሳሱን ጽሑፍ ፊደል በፊደል ተከትሎ በቀለም ደገመበት፤ ቀለሙ እስኪደርቅ ጠበቀ፤ ክላሰሩን ብብቱ ሥር አደረገ። ወደ እሷም ወደ ቬራም ሳያይ፣ ደኅና ዋሉ ሳይል፣ የኦዴሳን እስክርቢቶ ሳይመልስ እንደ ጨበጠ ከክፍሉ ወጣ።