የመገበሪያዋ ማሳ

አባቴ ቆጋ መስኖ ላይ ስንዴ የሚያመርቱ ቄስ ናቸው። እኔ ባሕር ዳር የምሠራ የግብርና ባለሙያ ነኝ። ወገባቸውን ስለሚያማቸው፣ ጎንበስ ብለው ማረማቸውን ትተው የአረም መድኃኒት እንዲረጩ ያስለመድኋቸው እኔው ነኝ።

አምና ከጥምቀት በኋላ ልጠይቃቸው ስሄድ ማሳው ሁሉ ተረጭቶ ጸድቷል። ከዳር ያለችውን ቁራሽ መሬት ብቻ አረም ወርሷታል። አባቴ እዚያ ተንበርክከው በእጃቸው ይነቅላሉ።

"አባየ፣ ይችን ለምን አልረጩም?" አልኋቸው።

"የመገበሪያ ስንዴ ናት" አሉ ቀና ሳይሉ። ለቁርባኑ ኅብስት የሚሆነውን ስንዴ በየዓመቱ ለቤተ ክርስቲያን ይሰጣሉ። "ለሥጋ ወደሙ በሚቀርብ ነገር ላይ እንዴት ብየ እረጫለሁ?"

ወገባቸውን እያሰብሁ ይሁን ከዚሁ ስንዴ የሚበሉትን ልጆቼን እንጃ፣ ንዴቴ መጣ። "ታዲያ ንጹሑን ለእግዜር፣ መርዙን ለልጅ ልጆችዎ ነው?"

አሁን ቀና አሉ። "መርዝ ነው እንዴ? አንች እኮ መድኃኒት ነው ብለሽኛል።"

መጠኑ ከተጠበቀ ችግር የለውም እያልሁ ስንቱን ገበሬ ሳስረዳ የኖርሁ ሰው፣ በንዴት ያመለጠኝን ቃል መመለስ አቃተኝ። ጫማየን አውልቄ አጠገባቸው ተንበረከክሁ። እስኪመሽ አብረን ነቀልን።

ዘንድሮ ስንዴው እንደበቀለ ደወሉልኝ።

"የመገበሪያዋን መሬት እጥፍ አድርጌ አስፍቻታለሁ። ግማሹ የልጆችሽ ነው። ለአረሙ ግን ራስሽ ነይ፤ የኔ ወገብ እንደሆን አልዳነም።"