ካስማ ይዤ ከሰማይ

ሚስቴ አላመነችኝም፤ እናንተ እመኑኝ። ደርግ በወደቀ በጥቂት ዓመት ውስጥ እኛ የሳሪስ ሰዎች ለጨዋታ ብለን በጃንጥላ ከአውሮፕላን መዝለል ጀምረን ነበር።

አሠልጣኛችን የቀድሞው አየር ወለድ ጋሽ ደመቀ ነበሩ። የእድራችንም ንብረት ጠባቂ ስለሆኑ ጃንጥላውን ከእድሩ ድንኳን ጋር አንድ መጋዘን ያስቀምጡታል፤ ሁለቱም የሚታሰሩት በወታደር ሸራ ከረጢት ነው። ስድስት ወር ሙሉ ከቆመ የጭነት መኪና ላይ አዘለሉን። ሕጋቸው አንድ ነበር፦ «ከረጢትህን ከፍተህ ሳታይ እንዳትዘል!»

በዝላዩ ቀን አውሮፕላኑ በር ላይ ክንዴን ያዙና፣ «አይተሃል?» አሉኝ።

«ምን ነካዎት ጋሼ፣ ሁለቴ ነዋ!» አልኩ። አንዴም አላየሁም። ዘለልኩ።

ገመዱን ስስብ መጀመሪያ የወጣው ካስማ ነው። ቀጥሎ ሌላ ካስማ። ከዚያ ያ ስንት ለቅሶ የተቀመጥኩበት፣ ጥጉ የተጣፈው ድንኳን! ሁለቱን ማዕዘን በእጄ፣ ሁለቱን በእግሬ ጨብጬ የማውቀውን ታቦት ሁሉ ስጠራ፣ ንፋሱ ከአቃቂ ሜዳ ገፍቶ ገፍቶ ሳሪስ አቦ አንድ ግቢ ውስጥ ጣለኝ። ለቅሶ ቤት ነው። የእድሩ ሰዎች ለካ ጠዋት በጥድፊያ የእኔን ከረጢት ይዘው ሄደዋል፤ ጃንጥላዬ መሬት ላይ ተዘርግቷል፣ ለቀስተኛው ፀሐይ ላይ ተቀምጧል።

የእድሩ ዳኛ እየሮጡ መጡ። እንኳን ተረፍክ ብለው ሊስሙኝ መስሎኝ አንገቴን ዘረጋሁ።

«አንተ!» አሉኝ፣ «ከጠዋት ጀምሮ ድንኳኑን ይዘህ የት ነው የምትዞረው? በል ቶሎ ትከል!»