በምስጋና የታሰረ ግድግዳ

ጡረታ የወጣ ሰው ወይ ቤተ ክርስቲያን ይሳለማል፣ ወይ ፒያሳ ተቀምጦ አላፊ አግዳሚውን ያማል። እኔ ሁለቱም አልሆነልኝምና የጥንቷ እቴጌ ቤተ መንግሥት ፍርስራሽ ያለበትን የቁስቋምን ሰፈር ታሪክ የሚናገር ድረ ገጽ ከፈትኩ። ዕድሜዬን ሙሉ ሒሳብ ያስተማርኩ ሰው ነኝ። አሠራሩን ሳያሳይ መልሱን ብቻ ለጻፈ ተማሪ ዜሮ ስሰጥ ነው የኖርኩት። ታሪክ ላይ ስደርስ ግን አሠራሩ ቀረና ሁሉም ነገር «አባቶች እንደሚናገሩት» ሆነ። ይህች ሐረግ ምን ያህል እንደምትመች የሚያውቀው የጻፈባት ሰው ብቻ ነው። የትኛው አባት፣ መቼ፣ ለማን ተናገረ ብሎ የሚጠይቅ ነገረኛ አንድም ቀን አልገጠመኝም።

ከድረ ገጹ ሁሉ ብዙ የደከምኩት ለምስጋና ገጹ ነው። በሰፈራችን ታሪኩን ያነበበ ሰው በጣት ይቆጠራል፤ ምስጋናውን ያላነበበ ግን የለም። ካሜራ ያዋሰኝ ሰው ስሙ ከአምስተኛ ወደ ሁለተኛ ካልወጣ ካሜራዬን መልስ አለኝ። ካሜራው ባትሪ አልነበረውም። አንድ ሹም «ሞራል በመስጠት» ተመስግነዋል፤ የሰጡኝ ሞራል «በርታ» የምትል አንዲት ቃል ስትሆን እሷንም የተናገሯት ከመኪናቸው ሳይወርዱ ነው። የአንድ ሟች ልጆች ደግሞ መጥተው «አባታችን በሕይወት ቢኖር ኖሮ ብዙ ነገር ይነግርህ ነበር» አሉኝ። ሊነግሩኝ ስለነበረው ነገር ሟቹን አመሰገንኳቸው።

አንደኛ ላይ ያስቀመጥኩት የእማማን ስም ነው። እማማ ጎረቤቴ ናቸው፤ ባለቤታቸውን በሞት አጥተው ብቻቸውን የሚኖሩ አሮጊት። ከተመሰገኑት ሁሉ ቁም ነገር የነገሩኝ እሳቸው ብቻ ስለነበሩ አንደኝነቱ አይበዛባቸውም ብዬ ነው።

አንድ ቀን ከጓሯቸው ተቀምጠን የቤታቸውን የኋላ ግድግዳ አየሁና፣ «ይሄ የእቴጌይቱ ግንብ ቅሪት ነው እንዴ እማማ?» አልኳቸው። በተጠረበ ድንጋይና በኖራ የተሠራ፣ ከላይ ካለው ፍርስራሽ ጋር አንድ እጅ የገነባው የሚመስል ግድግዳ ነው።

«ኧረ ወዲያ!» ብለው ሳቁ። «የኔው ሰውዬ ነው የሠራው። እህል እንድናስቀምጥበት ብሎ። አሁን መኝታዬ ሆኗል።»

ባለቤታቸው ግንበኛ ነበሩ። ከላይ ያለው የእቴጌይቱ ቤተ መንግሥት ሲታደስ ቀን ቀን እዚያ ይሠሩ ነበር፤ ማታ ማታና በበዓል ማግስት ደግሞ እዚያ የተማሩትን እጅ ይዘው የራሳቸውን ግድግዳ ይሠሩ ነበር። እማማ ይህን ሁሉ ሲነግሩኝ ድንጋዩን በእጃቸው እየዳበሱ ነው።

እኔስ ምን አደረግሁ? ቤቴ ገብቼ ሳስበው አንድ ግንበኛ ለሚስቱ እህል ቤት ሠራ የሚለው ነገር ታሪክ ሆኖ አልታይህ አለኝ። ስለዚህ እንዲህ ብዬ ጻፍኩ፦ «አባቶች እንደሚናገሩት ይህ ግድግዳ የእቴጌይቱ የእህል ግምጃ ቤት ቅሪት ነው።» አሳቢ ሰው ነኝና ምንጬን ሳላመሰግን አላለፍኩም። በምስጋናው ገጽ ላይ «ስለ ግምጃ ቤቱ መረጃ የሰጡን» ብዬ የእማማን ስም ከነአባታቸው አሰፈርኩት። ሳይቸግር ጤፍ ብድር ማለት ይህ ነው።

በግንቦት ወር እማማ ምርኩዛቸውን ይዘው ደጄ ላይ ቆሙ። ፊታቸው ልክ አልነበረም።

«ልጄ፣ ስለ ግድግዳዬ ምን ብለህ ነው የጻፍከው?»

ግድግዳው ሆዱን ነፍቷል። ክረምቱ ሳይገባ ፈርሶ እንደገና ካልተሠራ ቤቱ ላያቸው ላይ መምጣቱ ነው። ልጆቻቸው ገንዘቡን አዋጥተው፣ ግንበኛም ተገኝቶ፣ እማማ ከቅርስ ጽሕፈት ቤቱ ፈቃድ ሊጠይቁ ቢሄዱ ቅርስ ነው፣ አይነካም ተባሉ። የእኔ ነው ቢሉ፣ እርስዎ ራስዎ የእቴጌይቱ ነው ብለው መስክረዋል፣ ይኸው ስምዎ ተባሉ።

«ምነው ልጄ፣» አሉኝ፣ «እኔ የነገርኩህ አልበቃህም?»

ይዣቸው ወደ ጽሕፈት ቤቱ ሄድኩ። የቅርስ ባለሙያው የድሮ ተማሪዬ ሆኖ ተገኘ።

«ቲቸር!» ብሎ ከወንበሩ ብድግ አለ። «ድረ ገጽዎን ሁልጊዜ ነው የማነበው!»

አንድ እውነተኛ አንባቢ በማግኘቴ ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። የመጣሁበትን ነገርኩት፤ እሱም ኮምፒውተሩን አዙሮ የገዛ ምስጋናዬን አሳየኝ።

«እሱን የጻፍኩት እኔ ነኝ፤ ተሳስቻለሁ፣» አልኩት።

«ቲቸር፣ የተጻፈ ነገር እንዲሁ በቃል አይሰረዝም። ሦስት ሽማግሌ ይመስክርና በቃለ ጉባኤ ይያዝ።»

በጽሑፍ የገባ ነገር በቃል እንደማይወጣ ለእኔ ለአስተማሪው አስተማረኝ። ማርክ ቢሰጠኝ ዜሮ ነበር።

ሦስት ሽማግሌዎች ባለሙያው ባለበት እማማ ጓሮ ተሰበሰቡ። ሰፈሩ የሚያከብራቸው፣ ለገንዘብ ብለው ሐሰት የማይናገሩ ሰዎች ናቸው። የመጀመሪያው ሽማግሌ፣ አባታቸው እዚያ ግምጃ ቤት እህል ሲያስገቡ እንደነበር ከራሳቸው ከአባታቸው አፍ መስማታቸውን ተናገሩ። እቴጌይቱ ካረፉ ስንት ትውልድ እንዳለፈ ለመናገር አፌን ከፍቼ መልሼ ዘጋሁት። ሁለተኛው ድንጋዩን በከዘራቸው መታ መታ አድርገው፣ «እስቲ እዩት፣ የአሁን ሰው እንዲህ አድርጎ ይገነባል?» አሉ።

«የአሁን ሰው አይደለም አያ፣ የእኔ ሰው ነው!» አሉ እማማ። ማንም አልሰማቸውም።

ሦስተኛው ብዙ አልደከሙም። ስልካቸውን አወጡና ድረ ገጼን ለባለሙያው አሳዩት። «ይኸው፣ ኢንተርኔቱም ይላል።»

እኔ «አባቶች እንደሚናገሩት» ብዬ ስጽፍ ውሸት ነበር። አሁን ግን እውነት ሆኗል፤ አባቶች ቆመው እየተናገሩ ነው። ቃለ ጉባኤው ተጽፎ ተፈረመበት፤ የእቴጌይቱ ግድግዳ ከበፊቱ ይልቅ የእቴጌይቱ ሆነ።

በዚያው ሳምንት ዝናብ ጣለ። ጠዋት እማማን ልጠይቅ ስገባ ከግድግዳው ራስ አንድ ትልቅ ድንጋይ ወጥቶ አልጋቸው ላይ፣ ትራሱ በሚቀመጥበት ላይ ወድቆ አየሁ። እሳቸው ከሁለት ቀን በፊት ሳሎን መተኛት ጀምረው ነበር። እዚያው አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጥኩ። አፈርኩ። ሰው ልገድል ነበር፣ ያውም በምስጋና።

ቤቴ ገብቼ የምስጋናውን ገጽ ከፍቼ ከላይ ጻፍኩበት፦ «ስለ ግድግዳው ያሰፈርኩት የራሴ ፈጠራ ነው። እማማ እንዲህ አላሉም።» ይህንኑ በደብዳቤ አድርጌ፣ ፈርሜ፣ ለባለሙያው ሰጠሁት፤ በጽሑፍ የገባው በጽሑፍና በፊርማ ወጣ። አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም ይባላል፤ እኔ ሁለቱንም በአንድ ጊዜ ያወቅሁት ያን ዕለት ነው። ካሜራ ያዋሰኝ ሰው ስሜን ከውሸታም ጋር አላስነካም፣ አውጣልኝ ብሎ ደወለ። ሹሙም ሞራላቸውን መልሰው ወሰዱ። ሽማግሌዎቹ እስከ ዛሬ ሰላምታቸው ቀዝቃዛ ነው፤ እነሱ እንደሚሉት በፈረንጅ መሣሪያ የአባቶቻቸውን ቃል የካድኩት እኔ ነኝ።

ባለሙያው የፈቃዱን ደብዳቤ ሲያዘጋጅ አጠገቡ ተቀምጬ ነበር። ዳግመኛ ማንም ቅርስ ነው ብሎ እንዳይመጣባቸው ቃሉን ጠበቅ፣ ቀዳዳውን ድፍን አድርገው እያልኩ አስጻፍኩት። ማኅተሙ እንዳረፈበት በባጃጅ ይዤው በረርኩ።

እማማ ጓሮ ነበሩ። ግንበኛው መሰላሉን አስደግፎ ይጠብቃል። ላንብብልዎ ስላቸው እምቢ አሉ፤ መሠረተ ትምህርት የተማሩ ሰው ናቸው። መነጽራቸውን አድርገው ጣታቸውን በፊደሎቹ ላይ እያስኬዱ፣ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው አነበቡ።

«የተጠቀሰው ግድግዳ... ምንም ዓይነት... ታሪክ የሌለው... መሆኑ ስለተረጋገጠ... እንዲፈርስ ተፈቅዷል።»

ጣታቸው ወደ ኋላ ተመለሰ። «ምንም ዓይነት ታሪክ የሌለው» የሚለውን ደገሙት። ከዚያ ቀና ብለው አዩኝ።

«ይሄን ያለው ማነው?»

«እኔ ነኝ እማማ፣» አልኳቸው።

ወረቀቱን ለአራት አጥፈው በመቀነታቸው ቋጠሩት። ወደ እኔ አልተመለሱም። ወደ ግንበኛው ዞረው፣ «ከላይ ጀምር ልጄ፣» አሉት። «ድንጋዮቹን ግን እንዳትወረውራቸው። አንድ በአንድ፣ በእጅህ አውርድልኝ።»