መርፌና ኩርፊያ

እኔ ስናደድ አልበላም። ከልጅነቴ ጀምሮ እንዲህ ነኝ፤ ከገበታ ተነስቼ ጥግ ይዤ አኮርፋለሁ፣ እናቴ «በሞቴ» እያለች ትለምነኛለች፣ ሦስቴ ካስለመንኩ በኋላ እበላለሁ። ሳገባ የመለመኑ ሥራ ለባሌ ተላለፈ። ስኳር ተገኝቶብኝ ኢንሱሊን ስጀምር ሐኪሟ አስጠነቀቀችኝ። «መርፌውን ከወጋሽ በኋላ ምግብ መዝለል የለም። ስኳርሽ ወርዶ ራስሽን ትስቻለሽ፣ ከዚያም የባሰ ይመጣል።» እሺ አልኳት። ኩርፊያዬን ግን ማን ይንገራት!

አንድ እሁድ ጠዋት የልደታ ኮንዶሚኒየማችን ነዋሪዎች ግቢው ውስጥ ተሰበሰብን። ውኃ እኛ ጋ፣ አራተኛ ፎቅ፣ አይደርስም፤ ታች ያሉት ግን መኪና ያጥቡበታል። ተነስቼ የልቤን ተናገርኩ። ድምፄ ከፍ ብሎ ይሆናል፤ ቀስ ብሎ መናገር እንደሆነ አልፈጠረብኝም። ባሌ ከጎኔ ሳቅ ብሎ «ይቅርታ አድርጉላት፣ ስኳር አለባት» አላቸው። በዚያ ሁሉ ሰው ፊት! ስለ ውኃው የመለሰልኝ የለም። አንዲት ሴትዮ «እግዚአብሔር ይማርሽ» አለችኝ፣ በቃ። ምነው መሬት ተከፍታ በዋጠችኝ አልኩ።

ቤት እንደገባን እንደ ልማዴ ኩሽና ሄጄ መርፌዬን ወጋሁ። ሳሎን ስመለስ ምሳው ቀርቧል፤ እሱ ምንም እንዳልተፈጠረ እጁን ታጥቦ ተቀምጧል።

«ነይ እንጂ፣ ይቀዘቅዛል።»

«አልበላም።»

«አይ አንቺ! አሁንም ስኳርሽ ነው የሚያናግርሽ።»

ደሜ ፈላ። ከታመምኩ ወዲህ ቁጣዬ የእኔ መሆኑ ቀርቷል፤ ምንም ብናገር ስኳሯ ነው ይባላል። መኝታ ቤት ገብቼ በሩን ቆለፍኩ። ተከትሎኝ መጣ፤ ድምፁ ተለውጧል።

«መርፌውን ወግተሻል?»

«አልወጋሁም!»

ዋሸሁት። ለእኔ ብሎ እንዲለምነኝ እንጂ ለስኳሬ ብሎ እንዲለምነኝ አልፈለግኩም። እሱም አመነኝ። «እንግዲያው ሲበርድልሽ ትበያለሽ» ብሎኝ ሄደ።

አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጬ «በሞቴ» እስኪለኝ ጠበቅኩ። ከመንገዱ «ሜክሲኮ! ሜክሲኮ!» የሚል የታክሲ ጥሪ ይሰማል፤ የእሱ ድምፅ የለም። እጄ መንቀጥቀጥ ጀመረ። ንዴት ነው አልኩ። ላብ አጠመቀኝ፤ ይሄም ንዴት ነው አልኩ። ንዴትና የስኳር መውረድ ሲጀምሩ አንድ ናቸው፣ እኔ ደግሞ ያን ሰዓት ስኳሬ ነው ብዬ ከማመን ሞቴን እመርጥ ነበር። ከንፈሬ ሲደነዝዝ ግን አወቅኩ። ንዴት ከንፈር አያደነዝዝም።

ከረሜላዬ ቦርሳዬ ውስጥ ነው፣ ቦርሳዬ ሳሎን። አንዴ ብጣራ ይበቃል። ግን ከተጣራሁ እሱ ልክ ሊሆን፣ እኔ ውሸታም ልሆን ነው። እያወቅኩ ዝም ብዬ ተቀመጥኩ። እንዲህ ያለ እልህ ምን ይባላል?

የመጋረጃው አበባዎች ሲደራረቡብኝ ተነስቼ ቁልፉን ያዝኩት። ጣቶቼ አልታዘዝ አሉኝ። ያኔ ፈራሁ።

«ወግቻለሁ!» ብዬ ጮህኩ። «ወግቻለሁ፣ ድረስልኝ!»

ጠመንጃ ያዥ ሰፈር ካለ አናጢ ያሠራነውን በር በትከሻው ገንጥሎ ገባ። ውኃ ውስጥ ስኳር በጥብጦ አጠጣኝ፤ ግማሹ ደረቴ ላይ ፈሰሰ። ነፍስ እስክዘራ ድረስ ወለሉ ላይ አቅፎኝ ተቀመጠ። ቆይቶ ጣቴን ወግቶ ለካኝ።

«ስንት ነው?»

«ደህና ነሽ፣ ተመስገን።»

«ደህና ነኝ? እንግዲያው ስማኝ። ስኳሬ ደህና ነው፤ እኔ ግን ተናድጃለሁ። በሰው ፊት አዋረድከኝ።»

ይከራከረኛል ብዬ ነበር። መለኪያውን አስቀመጠው። እጁ ይንቀጠቀጣል፤ እሱ ደግሞ ስኳር የለበትም።

«አዋርጄሻለሁ፣ ጥፋቴ ነው» አለኝ። «እኔም ግን ተናድጃለሁ። አልወጋሁም ስትዪኝ አመንኩሽ እኮ። አንቺ እዚህ ልትሞቺ፣ እኔ እዚያ ቁጭ ብዬ ምሳዬን እበላ ነበር።»