የሐምሌ ሥላሴ ተረኛ

ጎንደር ለእኔ ውጭ አገር ነበረች። ለጎንደር ደግሞ የውጭ አገር ሰው እኔ ነበርኩ። የተወለድኩት ካምፓላ ነው፤ እናቴ ግን የደባት ልጅ ስለሆነች ቤታችን ውስጥ የሚነገረው አማርኛ እሷ ከደባት በወጣችበት ዘመን የቆመ ነው። አዘዞ በሚገኝ አንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ለአንድ ዓመት እንግሊዝኛ ላስተምር ስመጣ፣ የአሥረኛ ክፍል ተማሪዎቼ በእንግሊዝኛዬ ሳይሆን በአማርኛዬ ሳቁ። «ቲቸር፣ እንደ አያቴ እኮ ነው የምታወሪው» አለችኝ አንዷ። ከዚያ ወዲያ ክፍል ውስጥ ከእንግሊዝኛ ላለመውጣት ተጠነቀቅኩ። ርእሰ መምህሩ ይህን እንደ ጥሩ የማስተማር ዘዴ ቆጥረው በስብሰባ ላይ አመሰገኑኝ። ተማሪዎቹ ግን ሌላም አቤቱታ ነበራቸው። ዓመቱን ሙሉ ከኋላ የሚቀመጡት «ድምፅ፣ ቲቸር፣ ድምፅ» ይሉኝ ነበር።

አከራዬ ሆስፒታል ካርድ ክፍል ሲሠሩ ኖረው ጡረታ የወጡ ሴት ናቸው። ልጆቻቸው ራቅ ብለው ይኖራሉ፣ ጉልበታቸውን ያማቸዋል። እማማ እላቸዋለሁ። በመጣሁ በጥቂት ሳምንት ውስጥ «ብቻሽን አትቀመጪ» ብለው በየወሩ በሰባት ወደሚሰበሰበው የሥላሴ ጽዋ ማኅበራቸው ወሰዱኝ። ማኅበሩ በየወሩ ከአንዱ ቤት ወደ ሌላው ቤት ይዞራል። እኔም አብሬ ዞርኩ፣ በላሁ፣ ጠጣሁ። ቄሱ ሲናገሩ ዝም ይባላል፣ ሲባርኩ አሜን ይባላል፤ ሌላ ምንም አይጠበቅም። ለዓይነ አፋር ሰው ከዚህ የተሻለ ስብሰባ አላውቅም። ለእናቴ በስልክ «ሰዎቹ በጣም ደጎች ናቸው፣ በየወሩ ይጋብዙኛል» አልኳት።

«ማኅበርተኛ ሆንሽ ማለት ነው?»

«አይ፣ እንግዳ ነኝ።»

እንግዳ አለመሆኔን ያወቅኩት በሰኔው ማኅበር ላይ ነው። የዚያ ወር ተረኛ አዘዞ ገበያ እህልና ቅመም የምትሸጥ፣ ንግግሯ የማይጣፍጥ፣ ቅመሟ ግን ጥሩ የሆነ አንዲት ነጋዴ ነበረች። ከተበላና ከተጠጣ በኋላ ቄሱ ተነሡ፤ ጽዋውን፣ ማለትም በቀይ ጨርቅ የተሸፈነውን የማኅበሩን የሸክላ ዕቃ አንሥተው፣ «የሐምሌ ተረኛ ትቅረብ» አሉ። ሰው ሁሉ ወደ እኔ ዞረ። እኔም ወደ ኋላዬ ዞርኩ። ከኋላዬ ግድግዳ ነበር።

«ተነሺ እንጂ ልጄ» አሉ እማማ። «መስከረም ላይ ዕጣ ሲወጣ አንቺ ማስተማር ላይ ነበርሽ፤ እኔ አወጣሁልሽ። ሐምሌ ወጣልሽ። የዓመቱ ትልቁ በዓል።»

«አልነገሩኝም እኮ» አልኩ ቀስ ብዬ።

«ምኑን ልንገርሽ? የበላ ሰው እንደሚያበላ መቼም ታውቂያለሽ ብዬ ነው።»

በዚያች ደቂቃ ማለት የነበረብኝ ነገር አጭር ነበር። ወደ ካምፓላ የምመለስበት ትኬት ለሐምሌ ሁለት ተቆርጧል፤ በዓሉ ሐምሌ ሰባት ነው። ይህን ለማንም አልተናገርኩም ነበር። የምሄድበት ቀን ከታወቀ የመሸኛ ዝግጅት ይመጣል፣ ከመሸኛው ጋር ደግሞ ንግግር አድርጊ መባል ይመጣል። ስለዚህ ለማዘጋጀት ጊዜ እንዳይኖራቸው በመጨረሻው ሳምንት ለመናገር አቅጄ ነበር። ጥሩ ዕቅድ ይመስለኝ ነበር። አሁን ቄሱ ጽዋውን ዘርግተው ቆመዋል፣ ሰው ሁሉ ይጠብቃል። ሁለት እጄን ዘርግቼ ተቀበልኩ።

እልል እያሉ በጭቃው ውስጥ እስከ ቤት አጀቡኝ። አንድ ባጃጅ ቆሞ አሳለፈን። ነጋዴዋ ከኋላ እየተከተለች «አጥብቀሽ ያዢው፣ ይዘሽው ደግሞ እንዳትበሪ» አለች። አንዳንዶቹ ሳቁ። እማማ አልሳቁም።

በማግስቱ ፈተና ልሰጥ ክፍል ስገባ ከፊት የምትቀመጠው ተማሪ «ቲቸር፣ ሐምሌ ሥላሴ አንቺ ጋ ነው አሉ» አለችኝ። የመልስ ወረቀት ማደል ጀመርኩ። «ጠላ መጥመቅ ትችያለሽ?» ብላ ቀጠለች። ፈተና ላይ ማውራት ክልክል መሆኑን በእንግሊዝኛ ነገርኳት።

ለእማማ የምነግርበትን ዓረፍተ ነገር አዘጋጀሁ። አንድ ቀን ብቅል ለማስጣት ሰፌድ ሲያወርዱ አገኘኋቸውና «እማማ፣ አንድ ነገር ልነግርዎት ነበር» አልኩ። «ጌሾ ከሆነ አለ» አሉኝ። ሌላ ቀን ደግሞ «እማማ፣ ስለ ሐምሌ ጉዳይ» ብዬ ጀመርኩ። «ገብሱን ከደባት ወንድሜ ያመጣል፤ የደጋ ገብስ ነው፣ አታስቢ» አሉ። በሦስተኛው ሙከራዬ፣ ምስር እየለቀሙ ሳለ አጠገባቸው ተቀምጬ ሌላ ምንም ሳላስቀድም «ሐምሌ ሁለት ትኬት አለኝ» አልኩ።

መልቀማቸውን አላቆሙም።

«ጠዋት ነው ማታ?»

«ጠዋት።»

«እንግዲህ ቁርስ በልተሽ ትሄጃለሽ።»

ከዚያ በኋላ ስለ በዓሉ አንድም ቃል አልተናገሩኝም። ቢቆጡኝ ይሻል ነበር። በሁለተኛው ቀን ከትምህርት ቤት ስመለስ ጋኑን ከጓዳ ወደ ግቢ ለማውጣት እየገፉ አገኘኋቸው። ትንሽ ይገፋሉ፣ ይቆማሉ፣ ጉልበታቸውን ይዘው ይተነፍሳሉ፣ እንደገና ይገፋሉ። ላግዝ ስል «ተይው፣ አንቺ ዕቃሽን አሰናጂ» አሉኝ።

በዚያው ሳምንት ለእናቴ የምወስደው በርበሬ ልገዛ ወደ ነጋዴዋ ሄድኩ። ከእሷ ላለመግዛት ፈልጌ ነበር፤ ግን ከሌላ ሰው ስገዛ ብታየኝ የባሰ ይሆናል ብዬ ነው።

«ለመንገድ ነው?» አለችኝ።

ብሩን ከቦርሳዬ አወጣሁ።

«ተናግሬያለሁ እኮ» አለች፣ በርበሬውን እየሰፈረች። «መስከረም ላይ፣ ይቺ ልጅ ለዓመት ነው የመጣችው፣ ጽዋውን ይዛ ብትሄድ በማን ላይ ሊቀር ነው ብዬ ተናግሬያለሁ። እማማሽ ምን አሉ መሰለሽ? በእኔ ላይ አሉ። በቄሱ ፊት። እኔ ዋስ ነኝ አሉ። በዚያ ጉልበት።» ከረጢቱን አስራ ሰጠችኝ። «ይዘሽው በሰላም ግቢ።»

በርበሬውን ይዤ ወደ ቤት አልሄድኩም። ሚኒባስ ተሳፍሬ ፒያሳ ትኬት ቢሮ ገባሁ።

«የማስቀየሪያ ምክንያት?» አለኝ ሠራተኛው።

«ተረኛ ነኝ። የሥላሴ።»

«የሐምሌው?»

«አዎ።»

«ታዲያ ሐምሌ ሁለትን መጀመሪያ ማን ቆረጠልሽ?»

«እኔ።»

ቀና ብሎ አየኝና ለሐምሌ አሥር አዛወረው።

ካምፓላ ላይ አንድ ትምህርት ቤት ሰባተኛ ክፍል እንዳስተምር ቦታ ይዞልኝ ነበር። ለርእሰ መምህርቷ መዘግየቴንና ምክንያቱን ጻፍኩላት። «ድግሱን ሌላ ሰው ሊያዘጋጅልሽ አይችልም?» ብላ መለሰች። ማብራሪያው ከምዘገይበት ጊዜ በላይ የሚረዝም ስለመሰለኝ «አይችልም» ብቻ አልኩ። ሰባተኛ ክፍልን ለሌላ ሰው እንደሰጠች፣ ለእኔ አንደኛ ክፍል እንደቀረ በማግስቱ አሳወቀችኝ። እናቴ ይህን ስትሰማ «ደግ ነው፣ ትናንሾቹ ድምፅ አይጠይቁሽም፤ የራሳቸው አላቸው» አለች። ስለ ጠላው ግን ሰጋች። «አንቺ ትጠምቂያለሽ፣ እኔ እዚህ ሆኜ አፍራለሁ።»

እማማ ትኬቱ መቀየሩን ስነግራቸው «ጋኑን እጠቢው» አሉ። ዱላቸውን ይዘው ደጃፍ ላይ ተቀመጡና ዓመቱን ሙሉ እኔ ተማሪዎቼን ካዘዝኩት በላይ በአንድ ከሰዓት አዘዙኝ። ወጡንና ዳቦውን ከጎረቤት ጋር ሆነው እሳቸው ያዙት፤ ጠላው ግን የተረኛዋ ነው ተባለ። ጋኑን በወይራ አጠንኩ፣ ጌሾውን ወቀጥኩ፣ ጠነሰስኩ። «ስንት ልጨምር?» ስል «በዓይንሽ ለኪ» ይሉኛል። ዓይኔ ይህን ለክቶ አያውቅም።

ክረምቱ ገብቶ ስለነበር ብርዱ ከባድ ነው፤ ጥንስሱ አልነሣ አለ። ጋኑን ሙቀት ወዳለበት ወደ እኔ ክፍል አስገባነው። አሁንም አልነሣም። ብርድ ልብሴን አለበስኩትና እኔ ጃኬት ለብሼ መተኛት ጀመርኩ። የእማማ ወንድም ገብሱን ተሸክመው ከደባት የደረሱት በዚህ መካከል ነው። በራፉ ላይ ቆመው ክፍሉን አዩት።

«ምነው ልጄ፣ ጋኑ አሞታል?»

«በርዶት ነው፣ አያ።»

«ሸጋ» አሉ። ገብሱን አስቀምጠው ወደ እህታቸው ሄዱ። ከግድግዳው ማዶ ሁለቱ ሲስቁ ሰማሁ። እማማ ስለ ትኬቱ ከነገርኳቸው ወዲህ ሲስቁ መስማቴ የመጀመሪያዬ ነበር።

ሐምሌ ሰባት ቀን ማኅበርተኛው ዝናቡን እየረገጠ መጣ። ጾሙ ተፈትቶ ስለነበር የእማማን ወጥ ሁሉም አመሰገነው። ጠላውን ቄሱ ባርከው ቀመሱት። ጽዋውን ዝቅ አድርገው ጢማቸውን ጠረጉ።

«ሥላሴ ድካምሽን ይቁጠሩልሽ» አሉ።

ስለ ጠላው የተናገሩት ይህን ብቻ ነው። የእማማ ወንድም ብርጭቋቸውን በአንድ ትንፋሽ ጨለጡና «ሸጋ ነው» አሉ፤ ቀጥለውም ውኃ ጠየቁኝ።

«ምነው አያ» አለች ነጋዴዋ፣ «ውኃ በውኃ ላይ?»

ቤቱ በሳቅ ሞላ። ማንቆርቆሪያውን ይዤ መሐል ላይ ቆሜ ነበር፤ የምደበቅበት ጥግ በተረኛነቴ ምክንያት ለሌላ ሰው ተሰጥቷል።

«አልፈላላትም» አሉ እማማ። «ብርድ ነው። የራሷን ብርድ ልብስ አልብሳዋለች።»

«እሷስ ምን ለብሳ?» አለች ነጋዴዋ።

«ጃኬት።»

ነጋዴዋ ከእግሬ እስከ ራሴ አየችኝ። ብርጭቆዋን አነሣች፣ እስከ ታች ጠጣችውና ዘረጋችልኝ።

«ድገሚኝ» አለች።

ቀዳሁላት። ያንንም ጠጣችው። የዚያን ዕለት ከነጋዴዋ በቀር ድገሚኝ ያለ ሰው አላስታውስም።

በመጨረሻ ቄሱ ጽዋውን ከእጄ ተቀብለው ለነሐሴው ተረኛ፣ በአካባቢው መዝሙር ለሚያስተምሩ አንድ ሽማግሌ አስረከቡ። እጄ ባዶ ሆነ። ለአንድ ወር ያህል ስጠብቀው የነበረው ይህ ነው፤ ሲደርስ ግን እጄን የማደርግበት አጣሁ። ቄሱ «ለከርሞው በሰላም ያድርሰን፣ ሳንጎድል ያሰባስበን» ብለው ባረኩ። አሜን ተባለ።

«የተረኛዋ አሜን አልተሰማኝም» አለች ነጋዴዋ።

«ብያለሁ» አልኩ።

«ለራስሽ ነው ያልሽው። እኛም እንስማው እንጂ።»

ቄሱም ጠበቁ። እማማ ዱላቸውን ይዘው ወለሉን ያያሉ። አሜን አልኩ፤ የአሥረኛ ክፍል የኋላ ወንበሮች አንድም ቀን ባልሰሙት ድምፅ። ነጋዴዋ ራሷን ነቀነቀችና ነጠላዋን አጣፍታ ተነሣች።

በምሄድበት ጠዋት ቁርስ ቀርቦ ጠበቀኝ። ሻንጣዬ በር ላይ ነው፤ አውሮፕላን ማረፊያው እዚያው አዘዞ ስለሆነ ለመቸኮል ምክንያት አልነበረም። እማማ ከጋኑ ሥር የቀረውን ጉሽ አጥልለው በብርጭቆ ሰጡኝ። ቀመስኩት። ጠቆር ያለ፣ ጠንካራ፣ አፍ የሚይዝ ጠላ ነበር። በእጄ የተጠመቀ አልመስል ብሎኝ ደግሜ ቀመስኩት።

«አሁን ደረሰ» አሉ እማማ።

«ከበዓሉ በኋላ» አልኩ።

«ዘግይተሽ ጀምረሽ ነው።» ብርጭቆውን ከእጄ ተቀብለው ራሳቸው ቀመሱትና መልሰው ሰጡኝ። «ለከርሞ ቀደም ብለሽ ጀምሪ።»

«እሺ» አልኩ።