«ማን ላከሽ?»

የልጅ ልጄ ምሕረት ትናንት ከቀበሌው የመንገድ ኮሚቴ ስብሰባ ፊቷን ጥላ መጣች። ኮሚቴው ውስጥ ያለችው ሴት እሷ ብቻ ናት። «አያቴ፣ ድልድዩ በገበያው በኩል ይሁን ብል፣ ማን ወክሎሽ ነው አሉኝ» አለችኝ። የቀቀልኩትን ጎደሬ ከዳጣ በርበሬ ጋር አቀረብኩላት።

ጣሊያን ሊገባ ጥቂት ሲቀረው ነው፤ ያኔ ገና ያልተዳርኩ ኮረዳ ነበርኩ። ከአረካ ሶዶ የመኪና መንገድ ይጠረግ ተባለና፣ በየት ይለፍ የሚለውን የአካባቢው ሽማግሌዎች ሊቆርጡ ተቀመጡ። ወንዶቹ ያሰቡት በቁልቁለቱ ነው። አጭር ነዋ! እነሱ እንደሆኑ በበቅሎ ነው የሚሄዱት። ቆጮና ቅቤ አዝለን ገበያ የምንወጣው እኛ ሴቶቹ ነን። በክረምት ያ ቀይ ጭቃ ሰው አያቆምም፤ ጎረቤታችን እዚያ ወድቃ ፅንሷ ወርዶባታል። በሸንተረሩ ቢዞር ይረዝማል እንጂ ደልዳላ ነው።

ሴቶቹ ሁላችን አክስቴ አስካለ ቤት ሄደን ተናገሪልን ብለን ለመንናት። አፍ አላት፣ ሰው አትፈራም። «እሺ፣ ብቻ ከኋላዬ ሁኑ» አለችን። በእኛ ዘንድ ሸንጎ ፊት የሚቆም ሰው ማን እንደላከው ይጠየቃል፤ ላኪዎቹ «እኛ ነን» ካላሉ ቃሉ ሜዳ ላይ ይቀራል። ይህን የማታውቅ ሴት አልነበረችም።

በሸንጎው ቀን አክስቴ እኛን አስከትላ ቆመች። «ጌቶች፣ በቅሎ የወረደችውን ሁሉ ሰው አይወርደውም። ቆጮ አዝላችሁ አንድ ቀን ውረዱትና ከዚያ ፍረዱ» አለች።

ወንዶቹ ሳቁ። የሸንጎው ዳኛ ግን አልሳቁም። «ማን ላከሽ?» አሏት።

ዘወር ብላ አየችን። ባሎቻችን፣ አባቶቻችን ፊት ለፊት ተቀምጠዋል። አንዷ ነጠላዋን አፏ ላይ ሳበች፤ ሌላዋ ያላለቀሰ ልጇን ታባብላለች። እኔ አባቴን አየሁና አቀረቀርኩ። ያኔስ ያፈርኩት በእሷ ነበር፤ ይቅር ይበለኝ።

«ማንም አልላከኝም» አለች አክስቴ፣ ቀስ ብላ።

መንገዱ በቁልቁለቱ ወረደ። በቀጣዩ ክረምት አክስቴ እዚያው ወድቃ እግሯ ተሰበረ፤ እስክትሞት አነከሰች። አንድ ቀን እንኳ አልወቀሰችንም። ብትሰድበን ይሻለን ነበር።

«ከኋላሽ ሴቶች አልነበሩም?» አልኳት ምሕረትን።

«ሞልተው! ራሳቸው ናቸው ተናገሪልን ያሉኝ። ማን ወክሎሽ ነው ስባል ግን መሬት መሬት ያያሉ። አንቺ ብትሆኚ ዝም ትይ ነበር?»

አክስቴ የጠየቀችኝ መሰለኝ። ነጠላዬን አፌ ላይ ሳብኩና «ጎደሬው በረደብሽ፣ ብዪ» አልኳት።