ፈጣኑ ባትሪ መሙያና የ«ይቅደሙ» ጣጣ

ባትሪ ሲሞላ ምን እንደሚሞላበት እስከ ዛሬ አልገባኝም። ውሃ ቢሆን መጉደሉ ይታያል፤ ነዳጅ ቢሆን ይሸታል። ባትሪ ግን ባዶውም ሙሉውም ያው ነው፤ ክብደቱም መልኩም ዝምታውም አይለወጥም። ባለቤቴ ባትሪ በዚህ ነገር አንተን ይመስላል ትለኛለች። «አንተም ቁርስ በልተህም ሳትበላም ያው ነህ፤ አትነሳም።»

ነገሩን ያስታወሰኝ የእህቴ ልጅ ነው። በኮረንቲ ብቻ የሚሄድ መኪና በስልኩ አሳየኝ። መኪናው በየመንገዱ ዳር በቆመ ፈጣን መሙያ ላይ ይሰካል፤ ለመንገዱ የሚበቃውን ያህል ከወሰደ በኋላ ነቅሎ ለሚቀጥለው ሰው መልቀቅ ነው ደንቡ አለኝ።

«ወረፋው ላይ እኔን የመሰለ ሽማግሌ ካለ እንጃ» አልኩት።

ሳቀ። የሳቀው መቀሌ፣ ሓድነት ሰፈር የሆነውን ስላላየ ነው።

ጡረታ በወጣሁ ሰሞን፣ ሞባይል ገና በየሰዉ ኪስ ሳይገባ፣ አንዲት ነጭ ትንሽ የጣሊያን መኪና ነበረችኝ። ዕድሜዋ ከልጆቼ ሁሉ ይበልጣል። ጠዋት ቁልፍ ሳዞር «ትክ» ትልና ሐሳቧን ትለውጣለች። ያኔ ባትሪዋን ፈትቼ ሓድነት ወዳለው ባትሪ ቤት እወስዳለሁ። የቤቱ ባለቤት ድምጿ ከጎዳናው ማዶ የሚሰማ ሴት ናት፤ ሁለት ዓይነት መሙያ አላት። ግድግዳውን ተደግፈው የተደረደሩት ቀርፋፋዎቹ ናቸው፤ ባትሪው እነሱ ላይ አድሮ ነው የሚሞላው። መሃል ጠረጴዛው ላይ ተቀምጦ እንደ ንብ ቀፎ የሚያጉረመርመው ደግሞ ፈጣኑ ነው፤ እሱ አንድ ባትሪ ብቻ ይይዛል።

ደንቡን እየጮኸች ነው የምታስተምረን። «ፈጣኑ ላይ የሚቸኩል ብቻ! መኪናው የሚነሳበትን ያህል ይወስዳል፣ ይነቀላል፣ ይሄዳል! የቀረውን ሞተሩ መንገድ ላይ ይሙላለት። መተኛት የፈለገ ወደ ግድግዳው!»

ለምን እንደዚያ እንደሆነ ስጠይቃት አንድ ቀን «አሮጌ ባትሪ ፈጣኑ ላይ ከቆየ ይፈላል» አለችኝ፤ ሌላ ቀን ደግሞ «ወረፋው ይፈላል» አለችኝ። የሚፈላው የትኛው እንደሆነ ሳላጣራ ቀረሁ።

ደንቡ ግልጽ ነበር፤ ያልተመቸነው እኛ ነን። መቀሌ ውስጥ ሽማግሌ ቆሞ ወጣት አይቀመጥም። ወጣት ተነስቶ ለሽማግሌ ወንበር እንደሚለቅ ሁሉ እዚያ ቤት ባትሪም ለባትሪ ይለቅ ነበር። ጸጉሬ ገና በሩ ላይ ብልጭ ሲል ፈጣኑን የያዘው ሹፌር የሽቦዎቹን ቆንጣጮች ከባትሪው ላይ ያነሳል።

«ኣቦይ፣ ይቅደሙ።»

«አይሆንም፣ ወደይ፣ ልጄ፤ አንተ ጨርስ።»

«በሞቴ!»

ወጉ ደጋግሞ እምቢ ብሎ በመጨረሻ ቅር እያለው እንደሚስማማ ሰው መስማማት ነው። እኔም በዚህ ማንም አይችለኝም። ስለዚህ የወጣቱ ግማሽ የሞላ ባትሪ ወለሉ ላይ ይቀመጣል፤ የእኔ ይሰካል። ከመሥሪያ ቤት ስወጣ የቀረብኝን ክብር ጠረጴዛው ላይ አገኘሁት። የወጣቱ መኪና ግማሽ መንገድ ላይ ይቁም አይቁም ግን እንጃ።

ጎረቤቴ የወሎ ሰው ነው፤ ቀዳማይ ወያነ ገበያ ውስጥ ጨርቅ ይሸጣል። እናቱ አብረውት ይኖራሉ። ሐጅ ሊሄዱ ሲሰናበቱን አፌ እንደ ልማዱ ቀደመኝ። «እማማ፣ ሲመለሱ ከአውሮፕላን ማረፊያው የማመጣዎት እኔ ነኝ፤ ሌላ መኪና ላይ እንዳይወጡ!» አልኳቸው። ሰው ሁሉ ሳቀ። እሳቸው አልሳቁም፤ «ኢንሻአላህ» አሉና ያዙት።

የሚመለሱበት ቀን ጠዋት ልጃቸው ሊያስታውሰኝ ሲመጣ ኮፈኑን ከፍቼ ባትሪው ላይ አፍጥጬ አገኘኝ።

«አባባ፣ ምን ሆነች?»

«ተኝታለች።»

«ዛሬ? ከሰዓት እኮ ነው አውሮፕላኑ!»

«ታክሲ ብትይዝስ?»

«እናቴ አትገባም! ትናንት ከአዲስ አበባ ሱቄ ድረስ ደውላ፣ ታክሲ እንዳትይዝ፣ ጎረቤታችን ቃል ገብቶልኛል ብላኛለች። እናቴን አያውቋትም፤ ቃል ከተገባላት እዚያው ወንበር ላይ ታድራለች፣ ወላሂ።»

እየቀለድኩ ነበር ልለው ፈለግኩ። ፊቱን ሳየው ግን ተውኩት። ባትሪውን በጆንያ ከትቶ ትከሻው ላይ አወጣውና በሚኒባስ ሓድነት ሄድን።

ቤቱ ሞልቷል። ፈጣኑን አንድ የታክሲ ሹፌር ይዞታል። እንዳየኝ ቆንጣጮቹን አነሳ። «ኣቦይ፣ ይቅደሙ።» እምቢታዬን ልጀምር ስል ጎረቤቴ በክርኑ ጎሸመኝ፤ በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ወዲያው ተስማማሁ። የእኔ ተሰካ። ማሽኑ ማጉረምረም ሲጀምር ጎረቤቴ ጆንያው ላይ ተቀመጠና ረጅም ትንፋሽ ተነፈሰ።

ይህን ጊዜ በበሩ አንድ ሽማግሌ ገቡ። ጢማቸው እንደ ጥጥ ነጭቷል፤ ምርኩዝ ይዘዋል። ከኋላቸው ተሸካሚ የጭነት መኪና ባትሪ አዝሎ ያቃስታል። እግሬ ከእኔ ቀድሞ ተነሳ። እጄም ሄዶ ቆንጣጮቹን ከባትሪዬ ላይ አነሳ።

«ኣቦይ፣ ይቅደሙ።»

«ዋእ! አንተን አስነስቼ? አይደረግም።»

«እርስዎ ቆመው እኔ?»

«የምሞላው እኔ ነኝ እንዴ? ባትሪው ነው!»

«በሞቴ!»

«እኔ ልሙት! በዕድሜ አልበልጥህም?»

«ይበልጡኛል።»

«እንግዲያው ታዘዘኝ፤ መልሰህ ስካ!»

«በዕድሜ የሚበልጡኝ ከሆነማ መቅደም ያለብዎት እርስዎ ነዎት!»

ሁለታችንም ትክክል ነበርን፤ አላላውስ ያለንም እሱ ነው። እሳቸው ታላቅነታቸውን ለማዘዝ ይፈልጉታል፤ እኔ የእሳቸውን ታላቅነት ለመታዘዝ እፈልገዋለሁ፤ ግን የምንታዘዘው ወዴት እንደሆነ ጠፋብን። «ጣሊያን ሲወጣ ሱሪ ታጥቄ ነበር!» ይላሉ። «ይኸው ራስዎ መሰከሩ!» እላለሁ። ሹፌሮቹ ተከፋፈሉ፤ ግማሹ ለእሳቸው፣ ግማሹ ለእኔ ያዳንቃል። ቆንጣጮቹ ጠረጴዛው ላይ ባዶአቸውን ተጋድመዋል።

«ኧረ አንዳችሁ ስኩ!» ብላ ጮኸች የባትሪ ቤቷ ሴት። «ማሽኑ አየር እየሞላ ነው!»

መብራት ሄደ።

ማጉረምረሙ ሲቆም ቤቱ ውስጥ ያለን ሁሉ አብረን ቆምን። ጎረቤቴ ከጆንያው ላይ ተነሳ። ድምፁን ከፍ አላደረገም።

«አባባ፣ አሁን የሰጡት ተራ የእርስዎ አይደለም። የእናቴ ነው።»

ባትሪው የእኔ ነው። ቦታውን ያስገኘው ሽበትም የእኔ ነው። ጥድፊያው ግን የሴትዮዋ ነው። ታዲያ ተራው የማን ነው? ባትሪው ከሚቸኩለው ሰው ጋር ካልሄደ ምኑን ተሞላ? ቆሜ ስቆጥረው አንዴ የእኔ ይሆናል፣ አንዴ የሴትዮዋ። ይህ ጥያቄ እስካሁንም በደንብ አልተፈታልኝም።

«የማን እናት?» አሉ ሽማግሌው። ጎረቤቴ ነገራቸው፤ ሐጁን፣ የከሰዓቱን አውሮፕላን፣ ቃሌን። ምርኩዛቸው ወደ እኔ ዞረ።

«አንተ ሰውዬ! ሴትዮዋ ከሐጅ ሲመጡ አንተ እኔን ይቅደሙ ትለኛለህ? እኔ የት ልሄድ ነው? መኪናዬ ጎማ እንኳ የለውም!»

«ታዲያ ባትሪውን ለምን አመጡት?»

«ከቤት ለመውጣት ነዋ! ባዶ እጄን ብመጣ ሥራ ፈት ትሉኛላችሁ።»

ቤቱ በሳቅ ፈረሰ፤ ተሸካሚው ብቻ አልሳቀም።

«ለምን አልነገርከኝም?» አሉኝ ሳቁ ሲበርድ።

«አልጠየቁኝማ።»

«ይህ ይጠየቃል? የቸኮለ ሰው ቸኩያለሁ ይላል! ቅደም ቅደም እያልክ ችግርህን በሆድህ ይዘህ እኔ በምን ልወቀው?»

እሳቸውም ትክክል ሆኑ። በዚያ ቀን ከእኔ በቀር የተሳሳተ ሰው ያለ አይመስለኝም።

ከዚያ በኋላ ሁላችንም አምፖሉ ላይ አፍጥጠን ተቀመጥን። አንዱ ሹፌር «ኲሓ መብራት አለ አሉ» ይላል፤ ሌላው «ኲሓ ከሌለ እኛ ጋ ይመጣል» ይላል። ጎረቤቴ ሰዓቱን ያያል፣ እኔን ያያል፣ እንደገና ሰዓቱን ያያል። ከሁለታችን የትኛችን እንደሚያናድደው መለየት አልቻልኩም።

አምፖሉ ሲበራ ሽማግሌው ባትሪዬን በገዛ እጃቸው ሰኩትና ጠረጴዛው አጠገብ ምርኩዛቸውን ተክለው ቆሙ። ጸጉሩ ነጣ ያለ አንድ ሰውዬ ባትሪ ይዞ ብቅ ሲል ሰላምታውን እንኳ ሳይጨርስ «ወደ ግድግዳው!» አሉት። ሰውየው ደንግጦ ግድግዳውን ተጠግቶ ቆመ፤ ባትሪውን እንጂ እሱን እንዳልሆነ የነገረው የለም።

የባትሪ ቤቷ ሴት መጥታ ነቀለችው። «ይበቃል።»

«ትንሽ ይቆይ እንጂ፤ ለመተማመኛ...»

«አንዴ ያስነሳል፣ ኣቦይ። አንዴ ብቻ። እንዳያጠፏት! ይሂዱ!»

እውነትም ቤት ወስደን ስንገጥመው መኪናዋ አንዴ ተነሳች። ጎረቤቴ ሮጦ ገብቶ በተተኮሰ ነጭ ልብስ ተመልሶ ወጣ፤ ሽቶውም አብሮት። ኲሓ አጠገብ ካለው አሉላ አባ ነጋ አውሮፕላን ማረፊያ ስንደርስ እሱ ወርዶ እናቱን ሊቀበል ሄደ። እኔ ደግሞ ሞተሩ እንዳይጠፋ እግሬን ከነዳጁ ላይ ሳላነሳ «ቩም፣ ቩም» እያሰኘሁ ቀረሁ። ጥበቃው መጣ።

«አባት፣ ሞተር ያጥፉ።»

«ከጠፋች አትነሳም።»

«እዚህ ሞተር እያስነሱ መቆም አይቻልም። ሕግ ነው።»

«አታጥፋ ተብያለሁ፤ ይኸም ሕግ ነው።»

«ማን ነው ያለዎት?»

«ባትሪ ቤት።»

ሁለት ትእዛዝ አለኝ፤ ሁለቱም በቂ ምክንያት አላቸው። የባትሪ ቤቷ ሓድነት ናት፤ ጥበቃው ግን መስኮቴ ላይ ነው። የቅርቡን ታዘዝኩ፤ ሞተሩን አጠፋሁ።

ወዲያው እናትየው ከልጃቸው ጋር መጡ። ከስተዋል፤ ፊታቸው ግን በርቷል። የዘምዘም ውሃቸውን ታቅፈው ነጯን መኪና ሲያዩ ልጃቸውን «ይኸው! አላልኩህም?» አሉት። ከፊት ተቀመጡና «አብሽር፤ ቃልህን ጠበቅህ» አሉኝ። ቁልፉን አዞርኩ።

ትክ።

ጎረቤቴ የነጭ ልብሱን እጅጌ ሰበሰበና ከኋላ ሄዶ ገፋ። ጥበቃውም አገዘው፤ ለእኔ አዝኖ ይሁን ከዚያ እንድጠፋለት ፈልጎ አላውቅም። መኪናዋ ተንደረደረች፣ አሳለች፣ ተነሳች። ነዳጁን ረገጥኩና በበሩ ወጣሁ።

«ልጄስ?» አሉ እናትየው ትንሽ እንደሄድን።

«ከኋላ ነው፣ እማማ።»

ዞረው አዩ። «ከኋላ ማንም የለም።»

«ከመኪናው ኋላ ማለቴ ነው። ሲገፋ ነበር።»

አንገታቸውን በመስኮት አወጡ። «እየሮጠ ነው።»

«አይቼዋለሁ።»

«ታዲያ አቁምለት እንጂ!»

«እማማ፣ ካቆምኩ ትጠፋለች። ፍሬን፣ ፍሪሲዮንና ነዳጅ አንድ ላይ ለመርገጥ ሁለት እግር አይበቃም። ከጠፋች አትነሳም፤ ካልተነሳች እዚህ ሜዳ ላይ...»

በመስተዋቱ ነጩ ልብስ እያነሰ ሄደ። እጁን ያወናጭፋል፤ ሂዱ ይበለን ቁሙ ይበለን አልለይ አለኝ። ብቆም ቃሌን አፈርሳለሁ፤ ብሄድ ልጃቸውን ትቼ ነው። እግሬ ነዳጁን አንዴ ሲረግጥ አንዴ ሲለቅ፣ መኪናዋም እንደ እኔ ግራ ገብቷት ትዝለል ጀመር።

ሴትዮዋ መንገዱን አዩ። ወደ መቀሌ የሚወርደው አስፋልት ፊታችን ተጋድሟል።

«ስማ እስቲ» አሉኝ፤ «ይኸ ቁልቁለት አይደለም?»

«ነው።»

«ቁልቁለት ላይ መኪና ማን ይገፋዋል?»

አሰብኩት። እንደገና አሰብኩት። ፍሬን ያዝኩ። ሞተሩ ተንተፋተፈና ጠፋ። በጸጥታው ውስጥ የሩጫ ኮቴ ከሩቅ ተሰማን።

ጎረቤቴ ላብ አጥምቆት፣ ነጭ ልብሱ አቧራ መስሎ ደረሰ። የኋላውን በር ይዞ አጎንብሶ ሲተነፍስ ቆየ። «ጠፋች?» አለኝ።

«ጠፋች።»

«ያ አላህ!» ብሎ እጅጌውን እየሰበሰበ እንደገና ወደ ኋላ ሊሄድ ሲል እናቱ ጠሩት።

«ና ግባ፤ በሩን ዝጋ።»

ገባ። ፍሬኑን ለቀቅኩ። መኪናዋ ያለ ምንም ድምፅ ቁልቁል መሄድ ጀመረች።